ቤታቸው የፈረሰባቸው ጨዋታዎች

(በኮምፒውተር ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት ማቃናት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የተወደዳችሁ የዚህ ስብሰባ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! ከሥራችሁና ከቤታችሁ ጊዜ ቆርሳችሁ ስለ አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፊት ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ወላጆች አያለሁ። ከኋላ ደግሞ ዲስክ የታጨቀበት ካርቶን ታቅፈው የተቀመጡ አንዲት እናት አሉ። በሩ ላይ አግኝቻቸው ስጠይቃቸው፣ ልጃቸው ተማሪ ሳለ የጻፋቸው ጨዋታዎች እንደሆኑ ነገሩኝ። እናቴ፣ ካርቶኑን አጥብቀው ይያዙት፤ በመጨረሻ እንፈልገዋለን።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። አንደኛ፣ አሮጌ ጨዋታ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ለምን እምቢ ይላል? ሁለተኛ፣ እንዴት አድርገን እናስነሣዋለን? ሦስተኛ፣ በየመሳቢያችን ያሉትን ዲስኮች ምን እናድርጋቸው? በመጀመሪያው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ። ሕመሙ ካልታወቀ መድኃኒቱ አይገኝምና።

በአንድ ታሪክ ልግባ። ልጅ ሳለሁ እኔና ታላቅ ወንድሜ አንድ የመኪና ውድድር ጨዋታ ነበረን። በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ የሚያድር ትንሽ ጨዋታ ነው። ኪቦርዱን ለሁለት እንካፈላለን፤ እሱ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ነዳጁንና ፍሬኑን። በሦስተኛው ዙር ላይ ወደ ግራ የሚጠመዘዝ አንድ ክፉ መታጠፊያ ነበር። እዚያ ስንደርስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥ እናደርጋለን። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ጨዋታ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ከፈትኩት። ምን የሆነ ይመስላችኋል? ጣቴ ቁልፉን ሳይነካ መኪናዋ ከግድግዳ ተላትማ ውድድሩ አልቋል። ደግሜ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ይህ የእኛ ጨዋታ አይደለም» አለኝ።

ያ ቃል ከልቤ አልወጣም። ፋይሉ ያው የድሮው ፋይል ነው። አንዲት ባይት አልጎደለችም፣ አንዲት ባይት አልተጨመረችም። ታዲያ ምኑ ተለወጠና ነው የእኛ መሆኑ የቀረው?

ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ለዚህ ጥያቄ ያገኘሁትን መልስ ልነግራችሁ ነው። ጨዋታ ማለት ፋይሉና ፋይሉ የተጻፈለት ማሽን አንድ ላይ ሆነው ነው። ፋይሉን አስቀምጠን ማሽኑን ስንጥል ነዋሪውን አስቀርተን ቤቱን አፍርሰንበታል። እንግዲህ አሮጌ ጨዋታ ማስነሣት ማለት ለዚያ ነዋሪ የፈረሰውን ቤት መልሶ መሥራት ነው፤ ከነጥበቱ፣ ከነዝግታው፣ ከነጉድለቱ።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልሂድ። መጀመሪያ ፍጥነት።

አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ያቀረበው በ1981 ነው። በውስጡ የነበረው 8088 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል ሲሆን የሚሠራውም በ4.77 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ምት ማለት ነው፣ ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር በጊጋኸርዝ ይቆጠራል፤ በምት ብዛት ብቻ እንኳ ብናነጻጽረው በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል። በዚያ ዘመን ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ጠላቱ በስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ እንዲራመድ ሲፈልግ ምን ያደርግ ነበር? ብዙ ጊዜ ሰዓት አይጠይቅም። ፕሮሰሰሩን «እስከዚህ ቁጥር ድረስ ቁጠር፣ ስትጨርስ አንድ እርምጃ አራምደው» ይለዋል። ቆጠራው ራሱ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ማሽን በአንድ ፍጥነት እስከሠራ ድረስ ይህ ምንም ችግር አልነበረበትም። ፈጣን ማሽን ሲመጣ ግን ቆጠራው በቅጽበት ያልቃል፤ ጠላቱም እንደ ጥይት ይተኮሳል። የእኔና የወንድሜ መኪና የተላተመችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእናንተ መካከል በአሮጌ ኮምፒውተር ፊት ላይ «ተርቦ» የሚል ቁልፍ የምታስታውሱ አላችሁ? አዎ፣ እጆች አያለሁ። ብዙዎቻችን ያ ቁልፍ ኮምፒውተሩን ለማፍጠን የተሠራ ይመስለን ነበር። ሥራው ግን ማዘግየት ነበር። ማሽኑ በተፈጥሮው ፈጣን ነው፤ ቁልፉ ፍጥነቱን ቀንሶ ለአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ወደሚስማማ ደረጃ ያወርደዋል። አስቡት! ገና በ1980ዎቹ፣ የዛሬው ችግራችን ገና በእንጭጩ ሳለ፣ መሐንዲሶቹ ለአሮጌ ጨዋታ ሲሉ በአዲስ ማሽን ላይ የማዘግያ ቁልፍ ያበጁ ነበር። ይህንን ክብር ብዬ እጠራዋለሁ።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይህኛው በጣም ይገርመኛል። ተርቦ ፓስካል በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ መጀመሪያ የማሽኑን ፍጥነት ይለካሉ። 55 ሚሊሰከንድ ገደማ በምትቆይ አንዲት የሰዓት ምት ውስጥ ስንት ጊዜ መቁጠር እንደቻሉ ይመዘግቡና ለ55 ያካፍሉታል። ውጤቱ የሚቀመጥበት ቦታ ከ65,535 በላይ አይዝም። 200 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ፕሮሰሰሮች ሲመጡ ውጤቱ ከዚያ አለፈና ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር «ስሕተት 200» ብሎ ይዘጋ ጀመር። ጸሐፊው ጥንቃቄ አጉድሎ አልነበረም። እንዲያውም ፍጥነትን የለካው ተጠንቅቆ ነው። የሚመጣውን ዘመን ስፋት ግን ማን ሊገምት ይችላል?

እዚህ ላይ ከኮምፒውተር ጥቂት ወጣ ልበል። በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን የመጫወቻ ቤት ጨዋታ ሠራ። ከላይ ተሰልፈው የሚወርዱ ፍጡራን አሉ፤ ተጫዋቹ ከታች ሆኖ ይተኩሳል። ፍጡራኑ እያነሱ ሲሄዱ የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ፤ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይፈጥናል። ይህ ፍጥነት ታስቦ የተጻፈ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ብዙ ፍጡራንን መሣል ስለሚከብደው መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፤ ሲያንሱለት ይቀለዋል። ኒሺካዶ ይህንን አይቶ አልሰረዘውም፤ ተወው። የማሽኑ ድካም የጨዋታው ነፍስ ሆነ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ያንን ጨዋታ የማይደክም ማሽን ላይ ብናስቀምጠውና ፍጡራኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ቢወርዱ የተጫወትነው ያንኑ ጨዋታ ነው?

ሁሉም ግን እንዲህ አልነበሩም። በታኅሣሥ 1993 የወጣው ዱም የተባለው ጨዋታ በሰከንድ 35 እርምጃ ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተጻፈው፤ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢፈጥን የጨዋታው ዓለም በዚያው ልክ ይራመዳል። ሰዓትን ከፕሮሰሰር የለየ ጨዋታ ዕድሜው ይረዝማል።

ከፍጥነት ቀጥሎ ሜሞሪ። 8088 ሊደርስበት የሚችለው ሜሞሪ በጠቅላላ 1 ሜጋባይት ነበር። ከዚያ ውስጥ 384 ኪሎባይቱ ለስክሪንና ለማሽኑ የውስጥ ሥራ ተጠብቆ ለፕሮግራሞች የቀረው 640 ኪሎባይት ነው። ከዚያች ላይ ደግሞ የማውሱ አሽከርካሪ፣ ማለትም ማውሱን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ይቆርሳል፣ የሲዲው ይቆርሳል፣ ዶስ ራሱ፣ የዚያ ዘመን ስርዓተ ክወና፣ ይቆርሳል። በዚያ ዘመን የተጫወታችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጨዋታው «20 ኪሎባይት ጎደለኝ» ይልና ሌሊቱን ሙሉ የማስነሻ ፋይሎችን ስናስተካክል እናድራለን። እኔ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት በትምህርት ቤት ሳይሆን በዚያች ጎዶሎ 20 ኪሎባይት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ሜሞሪው ሞልቶ ተትረፍርፏል። ታዲያ አንዳንድ የ1990ዎቹ ጨዋታዎች 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ «በቂ ሜሞሪ የለም» የሚሉት ለምንድን ነው? ምክንያቱ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ነው። በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የዜሮና የአንድ ቦታዎች የሚጻፍ፣ አዎንታዊና አሉታዊ የሚለይ ቁጥር ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ አይችልም። ከዚያ ሲያልፍ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ሆኖ ይነበባል። ጨዋታው ሀብታችሁን ዕዳ አድርጎ ያነበዋል ማለት ነው። ባዶ የዲስክ ቦታ ሲለካም ይኸው ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ጨዋታ ቦታ የለም ሲላችሁ ቦታ ከመጨመራችሁ በፊት መቀነስን ሞክሩ።

ድምፅን በአጭሩ ልለፍ። በዶስ ዘመን ጨዋታው ከድምፅ ካርዱ ጋር ያለ አስተርጓሚ ነበር የሚነጋገረው። አድሊብ የተባለው ካርድ በ1987፣ ሳውንድ ብላስተር የተባለው በ1989 መጡ። ጨዋታው ካርዱ በየትኛው አድራሻ እንደተቀመጠ፣ በየትኛው መስመር እንደሚጣራ ማወቅ ነበረበት፤ አድራሻ 220፣ መስመር 5 ወይም 7። በዛሬው ኮምፒውተር በዚያ አድራሻ የሚመልስ የለም። ጨዋታው በር ያንኳኳል፤ ቤቱ ባዶ ነው።

ስክሪን ላይ ግን ቆም እላለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የዶስ ጨዋታዎች በብዛት የተሣሉት በአግድም 320፣ በቁመት 200 ነጥብ ሆነው ነው። ያ ምስል የሚታየው አራት ለሦስት በሆነ ስክሪን ላይ ስለነበረ እያንዳንዷ ነጥብ ከወርዷ ይልቅ ቁመቷ በአንድ አምስተኛ ይበልጥ ነበር። ሠዓሊው ክብ ጨረቃ ሲሥል ያንን አስቦ ነው። ዛሬ ነጥቡ ሁሉ እኩል ማዕዘን ነው። ያንኑ ምስል እንዳለ ብናስቀምጠው ጨረቃው ይጨፈለቃል፣ ሰዎቹ ያጥራሉ። ይባስ ብለን በሰፊው ስክሪን ላይ ጎትተን ብንሞላው ደግሞ ሁሉም ይወፍራል። ስንት ሰው ነው «የድሮ ጨዋታ ሥዕሉ ያስጠላል» ብሎ የዘጋው? ያየው የሠዓሊውን ሥራ አልነበረም፤ የተጨፈለቀውን ነው። እባካችሁ፣ ማንኛውንም አሮጌ ጨዋታ ስትከፍቱ መጀመሪያ መጠኑን አስተካክሉ። አራት ለሦስት። ደግሜ እላለሁ፣ አራት ለሦስት።

የዊንዶውስ ዘመን ጨዋታዎች ሕመማቸው ሌላ ነው። 64 ቢት የሆነው ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ አያስነሣም። ታዲያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጨዋታዎቹ ራሳቸው 32 ቢት ሆነው ሳሉ የመጫኛ ፕሮግራማቸው ግን 16 ቢት የሆነ ብዙዎች ነበሩ። ጨዋታው ጤነኛ ነው፤ የታመመው በረኛው ነው። ፋይሎቹን በእጅ ገልብጦ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚህ የከፋው የሲዲ ቁልፍ ነው። ሴፍዲስክ የተባለው የቅጂ መከላከያ በስርዓተ ክወናው ጥልቅ ክፍል ውስጥ የሚሠራ አሽከርካሪ ይጠቀም ነበር፤ ያ አሽከርካሪ ለደኅንነት የሚያሰጋ ስለነበረ በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 አልተቀበለውም። ስለዚህ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሲዲውን በክብር አስቀምጦ የኖረ ሰው የገዛውን ጨዋታ መክፈት አቃተው። ሌባን ለመከልከል የተሠራ ቁልፍ ባለቤቱን ውጭ አስቀረው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እሺ፤ ሕመሙን አየን። ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሻገር፤ ቤቱን እንዴት መልሰን እንሠራለን?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ለምን አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተህ አትገላገልም?» ይሉኛል። ማሽኑን ማግኘት የቻለ ያግኝ፤ የሚተካው የለም። ነገር ግን እነዚያ ማሽኖችም ያረጃሉ። በዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየደችው ትንሽ ባትሪ ፈሳሿ ወጥቶ የመዳብ መስመሮቹን ይበላቸዋል። አሮጌ ማሽን ያላችሁ ዛሬ ማታ ክፈቱና ባትሪዋን እዩ። የሰውን ሁሉ ትዝታ እየተበላ ባለ ሰሌዳ ላይ ማሳደር አንችልም።

ስለዚህ ቤቱን በሶፍትዌር እንሠራዋለን። ከሁሉም የታወቀው ዶስቦክስ ነው፤ ከ2002 ጀምሮ አለ፤ በነጻ ይገኛል። በውስጡ ፕሮሰሰሩን፣ የድምፅ ካርዱን፣ ስክሪኑን፣ ዶስን ራሱን አስመስሎ ይሠራል። ጨዋታው በ220 አድራሻ ሲያንኳኳ «አለሁ» የሚለው ይህ ፕሮግራም ነው። ዋናው ጥበቡ ግን ማዘግየቱ ላይ ነው። በአንዲት ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ትእዛዝ ይፈጸም የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። በተለመደው ዶስቦክስ ለጥንታዊዎቹ ጨዋታዎች መነሻው 3000 ነው። ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤፍ 11ን ስትጫኑ ይዘገያል፤ ኤፍ 12ን ስትጫኑ ይፈጥናል። ተርቦ ቁልፉ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ፍጥነት ስንት ነው? እዚህ ላይ ወደ ወንድሜ ልመለስ። ዶስቦክስን እንደተማርኩ ያንን የመኪና ጨዋታ ጫንኩና ቁጥሩን ከሰንጠረዥ ላይ ፈልጌ አስገባሁ። ወንድሜን ጠራሁት። ተቀመጠ፤ አንድ ዙር ነዳ። «ከበደ» አለ። ጨመርኩለት። «አሁን ቸኮለ» አለ። ቀነስኩ። እንዲህ እያልን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ሦስተኛው ዙር ላይ ያ ክፉ መታጠፊያ መጣ፤ ወንድሜ ስክሪኑን ትቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ጣቶቹ ግን በራሳቸው ታጠፉ። መኪናዋ መታጠፊያውን አለፈች። «ይኸው፣ ይህ ነው» አለኝ። ቁጥሩን መዝግቤ አስቀመጥኩት። ሰንጠረዡ ከሚለው ጋር አይገጥምም፤ የእኛ ማሽን የራሱ ፍጥነት ነበረውና። ያንን ፍጥነት በዓለም ላይ መዝግቦ የያዘው የወንድሜ ጣት ብቻ ነበር። የድሮ ተጫዋቾችን እያስቀመጣችሁ ጠይቋቸው የምለው ለዚህ ነው። እነሱም የማሽኑ አካል ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይለያል። ብዙ የተረት ጨዋታዎች ሁለት ክፍል ናቸው፤ ሥዕሉ፣ ድምፁና ታሪኩ በአንድ ወገን፣ ያንን የሚያነበው ሞተር በሌላ ወገን። ስካም ቪኤም የተባለው ፕሮግራም በ2001 ሲጀመር ማሽኑን ማስመሰል ትቶ ሞተሩን ብቻ እንደ አዲስ ጻፈው። የጨዋታውን ፋይሎች ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ያነብላችኋል። በዚህ ምክንያት አንድ የ1980ዎቹ ጨዋታ ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ይነሣል። ልቅም ያለ ሥራ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ሞተር ዓመታት የሚፈጅ ትጋት ይጠይቃል።

ሦስተኛው የደራሲው ቸርነት ነው። የዱም ፕሮግራም ኮድ በታኅሣሥ 1997 ከጸሐፊዎቹ አንዱ በሆነው በጆን ካርማክ እጅ ለሕዝብ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ያንን ኮድ ያላስነሡበት ማሽን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የዶሱ ድምፅ ክፍል የሌላ ወገን ንብረት ስለነበረ አብሮ ሊለቀቅ አልቻለም። ሕዝቡ ሌላ ጽፎ ተካው። ኮዱ ክፍት የሆነ ጨዋታ ቤቱ ቢፈርስ በየትም ይሠራለታል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡ ባለ ሦስት አውታር ጨዋታዎች ያላችሁ ደግሞ ይህንን ያዙ። ብዙዎቹ የተጻፉት በ1996 ለወጣው ቩዱ ለተባለው የሥዕል ካርድና ግላይድ ለተባለው ቋንቋው ነው። ካርዱን የሠራው ኩባንያ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ኤን ግላይድና ዲጂ ቩዱ የተባሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ግን መሀል ገብተው ያንን ቋንቋ ለዛሬው ካርድ ይተረጉማሉ። ለዊንዶውስ 95ና 98 ጨዋታዎች ሙሉ ማሽኑን ከነሰሌዳው የሚያስመስለው 86ቦክስም አለ፤ ጥሩ ፕሮሰሰር ይፈልጋል እንጂ በታማኝነቱ እተማመንበታለሁ። ሊኑክስ የምትጠቀሙም የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን እዚያ የሚያስነሣውን ዋይንን ሞክሩ። በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ እምቢ ያለ ጨዋታ በዋይን ሲነሣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የሲዲ ጨዋታዎቻችሁን ስትገለብጡ አንድ አደራ አለኝ። በዚያ ዘመን ብዙ ጨዋታዎች ሙዚቃቸውን እንደ ማንኛውም የሙዚቃ ሲዲ በተለየ ትራክ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። አይኤስኦ በሚባለው ዓይነት ከገለበጣችሁት ዳታው ብቻ ይመጣል፤ ሙዚቃው ይቀራል። ጨዋታው ይነሣል፣ ግን ጸጥ ይላል፤ እናንተም ድሮም እንዲህ ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ። ቢን እና ኪው በሚባለው ጥንድ ፋይል ገልብጡት። ትራኮቹ በሙሉ መኖራቸውንም ቁጠሩ።

አሁን ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ።

ጆርዳን ሜክነርን ታውቁት ይሆናል፤ በ1989 ፕሪንስ ኦፍ ፐርሽያ የተባለውን ጨዋታ ለአፕል 2 ኮምፒውተር የጻፈው ሰው ነው። የጻፈውን ኮድ ለብዙ ዓመታት ፈልጎ አጥቶት ነበር። በ2012 አባቱ ከቁም ሳጥን ጀርባ አንድ ካርቶን አግኝተው ላኩለት። በውስጡ ፍሎፒዎቹ ነበሩ። አሮጌ ማሽኖችን የሚያውቁ ጄሰን ስኮትና ቶኒ ዲያዝ መጥተው በጥንቃቄ አነበቡለትና ኮዱ ተገኘ፤ ለሕዝብም ተለቀቀ። ከ20 ዓመት በላይ የተኛ ሥራ ነው። ያ ካርቶን ተጥሎ ቢሆንስ? አባትየው ቤት ሲያጸዱ «ይህ ኮተት ምን ያደርጋል» ቢሉስ?

እኔ ያላገኘሁትን ልንገራችሁ። በልጅነቴ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ጨዋታ ጽፈን ነበር። ጫካ ውስጥ የጠፋ ልጅ መውጫ ይፈልጋል። ሥዕሉን እሱ ሣለ፤ እኔ ኮዱን ጻፍኩ። ዲስኩ ዛሬም በእጄ አለ፤ ይኸው፣ ተመልከቱት። ስሙ በጓደኛዬ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። ከዓመታት በኋላ ወደ ማንበቢያው አስገባሁት። ውስጡ ሻጋታ እንዳለ አላየሁም ነበር። ማንበቢያው አንድ ዙር ሲዞር የመግነጢሱን ሽፋን ፋቀው። ከዚያ በኋላ በየትኛውም መሣሪያ ብሞክር የሚነበብ የለም። የጓደኛዬን ጽሑፍ ማንበብ እችላለሁ፤ የሣላትን አንዲት ዛፍ ግን ማየት አልችልም።

የታወቁት ጨዋታዎች ጠባቂ አላቸው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የድረ ገጽ ቤተ መዛግብት በ2015 መጀመሪያ ከ2,000 በላይ የዶስ ጨዋታዎችን በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ እንዲነሡ አድርጓል። በ2008 የተከፈተው ጎግ የተባለው የጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ አሮጌ ጨዋታዎችን አስተካክሎ ይሸጣል፤ ሕጋዊ ሆኖ የሚገኘውን ከዚያ ግዙ፣ ደራሲዎቹም ድርሻቸውን ያግኙ። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ግን ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች ከመቶ 87ቱ ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። በአሜሪካ ሕግ በኩባንያ ስም የወጣ ሥራ የቅጂ መብቱ ከወጣበት ጀምሮ 95 ዓመት ይጸናል፤ የ1985 ጨዋታ ነጻ የሚሆነው ከ2080 በኋላ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ያን ያህል ይጠብቃል? አይጠብቅም! ስለዚህ የገዛችሁትን ዛሬ ለራሳችሁ አንብባችሁ አስቀምጡ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። ያልታወቁት፣ ለገበያ ያልወጡት፣ ልጆች በየቤታቸው የጻፏቸው ደግሞ ከእናንተ መሳቢያ በቀር ሌላ ቤት የላቸውም።

ስለዚህ ስትነኳቸው እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የዲስኩን መስኮት ገለጥ አድርጋችሁ በብርሃን እዩ፤ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ደመና የመሰለ ነገር ካለ ወደ ማንበቢያው አታስገቡት፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ንጹሕ ከሆነ በላዩ ላይ እንዳይጻፍ ዝጉት፤ በትንሹ ፍሎፒ ቀዳዳው ሲከፈት ነው መጻፍ የሚከለከለው፣ በትልቁ ደግሞ የጎኑን ጎድጎዳ በፕላስተር ትሸፍኑታላችሁ። ካስገባችሁ በኋላ ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ አልተዘጋጀም፣ ላዘጋጀው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አይሆንም በሉ። እለምናችኋለሁ፣ አይሆንም በሉ። ያ ጥያቄ ማንበብ አቃተኝ ማለቱ ነው፤ እሺ ካላችሁ ግን የቀረውንም ይደመስሰዋል። ፋይል በፋይል ከመገልበጥ ይልቅ የዲስኩን ሙሉ ምስል ውሰዱ። አንድ ጊዜ ካልተነበበ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ሌላ ማንበቢያም ሞክሩ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል። በዲስኩ ላይ በእጅ የተጻፈውንም ፎቶ አንሡት።

ሰዓቴ ደርሷል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ መግነጢሱን ምልክት በምልክት የሚቀዳ ማንበቢያ ተሰክቷል። ከጎኑ የተቀመጠው ወንድሜ ነው፤ ዲስኮቹን በብርሃን አይቶ የሻገቱትን ለይቶ ያስቀምጣል። ካርቶን የያዛችሁ አንድ በአንድ ኑ፤ የተነበበውን ወዲያው በዶስቦክስ እንከፍተዋለን፣ ፍጥነቱን የሚያስታውስ ሰው ካለ ደግሞ ከጎኔ ይቀመጥ።

እናቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር።